አስም የለባትም ብዬ የፈረምኩበት ቀን

እህቴ በአሥራ ሰባት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከወሎ ይዛኝ መጥታ፣ መርካቶ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትምህርት ቤት ያስገባችኝ፣ ትምህርቱ አልሆን ሲለኝ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና እንድማር ሰው ጋ ያስጠጋችኝ፣ በኋላም የዳረችኝ እሷው ናት። «እትዬ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላም በስሟ ጠርቻት አላውቅም።

እህል በረንዳ ውስጥ ምስር፣ ሽምብራና አተር ትሸጥ ነበር። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ከበስተኋላዋ ጆንያ የሚደረደርበት ጨለም ያለ መጋዘን አለ። ጆንያ በተገለበጠ ቁጥር አቧራው ተነስቶ ጣሪያው ሥር ይቆማል። እሷ እዚያ አቧራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀምጣለች። ደረቷ ሲዘጋባት ወደ መጋዘኑ ትገባና፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ ሐኪም ያዘዘላትን በአፍ የሚሳብ ሰማያዊ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ስባ ትመለሳለች። ለደንበኛው «ይቅርታ፣ ስልክ ተደውሎልኝ ነው» ትለዋለች። አስም እንዳለባት የምናውቀው እኔ፣ ኮምቦልቻ ያገባች ልጇና መድኃኒቱን የሚያዝላት የጤና ጣቢያ ሐኪም ብቻ ነበርን።

ለምን እንደምትደብቀው አውቃለሁ። ከእሷ ሱቅ ሁለት በር አለፍ ብሎ አንዲት ሴት ባቄላ ትሸጥ ነበር፤ አንድ ክረምት ሙሉ ሳለች። ቲቢ አለባት የሚል ወሬ ተነሳ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገራትም፤ ሰው ዝም ብሎ ከሌላ መግዛት ጀመረ። ሴትየዋ መስከረም ላይ ሱቋን ዘግታ ሄደች።

«ምግብ ነው የምንሸጠው» ትለኝ ነበር እህቴ። «አስም ነው፣ አይተላለፍም ብሎ ቆሞ የሚያጣራልህ ሰው የለም።»

ስለዚህ ጎረቤት ሲጠይቃት ክረምት ከሆነ «ብርድ ነው»፣ በጋ ከሆነ «አቧራ ነው» ትላለች። ዓመታት ሲያልፉ መደበቁ ራሱ ልማድ ሆነባት። እኔም ለምጄው ነበር።

ሕመሙ የጀመራት ባለፈው ዓመት ከረመዳን በኋላ ነው። መክሳቷን በጾሙ አሳበብን። ከዚያ ምግብ አልበላ አላት፤ ከጎድን አጥንቷ በታች የሚጀምር ሕመም ወደ ጀርባዋ እየዞረ ቁጭ ብላ እንዳትውል አደረጋት። አንድ ቀን ጠዋት ሱቋ ጎራ ስል ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤቶቿ የወፍ በሽታ ነው ብለው የሆነ ሥር ጨምቀው አጠጧት። ሁለት ሳምንት ጠጣችው። ቢጫው ከዓይኗ ወደ ቆዳዋ ወረደ፤ ሰውነቷ ሌት ተቀን ያሳክካት ጀመር። እያወራችኝ ክንዷን ትፍቃለች፤ እየሰገደች እንኳ እግሯን ታካለች። በመጨረሻ ለምኜ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ያየን ሐኪም በዕድሜ ጠና ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አልትራሳውንዱን ካየ በኋላ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እናቴ፣ ቆሽትዎ ላይ የሆነ ነገር አለ። ይሄ መሣሪያ ከዚህ በላይ አያሳየኝም። ሲቲ ስካን በኮንትራስት ይነሳሉ።»

«ኮንትራስት ምንድን ነው ዶክተር?» አልኩት።

«በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በሽታ አያድንም፤ እኛ እንድናይ ነው የሚረዳን። ያለ እሱ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አመድማ ሆኖ ነው የሚታየው። እሱ ሲገባ የደም ሥሮቹ ፍንትው ብለው ይወጣሉ፤ ዕጢ ካለ ደግሞ ዳር ዳሩ ይለያል። ቀዶ ጥገና የምናደርግ ከሆነ፣ ዕጢው ትልቁን የደም ሥር ነክቷል ወይስ አልነካም የሚለውን ቀድሜ ማወቅ አለብኝ።»

«ያማል?» አለች እህቴ።

«ይሞቃል። መላ ሰውነትዎን ለጥቂት ሰከንድ ሙቀት ይወርዎታል፤ አፍዎ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ከዚያ ይጠፋል።» ቀጠለና «የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ መጀመሪያ የኩላሊት የደም ምርመራ አድርጉ። አልፎ አልፎ ደግሞ አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው አለ። ለዚህ ነው ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄ የሚጠይቁት። የሚጠይቋችሁን ሁሉ በትክክል መልሱ» አለን።

በትክክል መልሱ ያለው ሁለታችንንም እያየ ነው። ሁለታችንም እሺ አልነው።

የኩላሊቷ ውጤት ደህና ሆነ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ምንም ሳትቀምስ በራጉኤል በኩል በእግር ወጣን። ታክሲ ልያዝ ብላት በዚያ መጨናነቅ ውስጥ ከመቀመጥ መራመድ ይሻለኛል አለችኝ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። በሁለተኛው ማረፊያዋ ትንፋሿ ያፏጭ ነበር፤ ሰማሁት። ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ሰማያዊውን መድኃኒት ወሰደችና ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

«ዛሬ ደረትሽ ጥሩ አይደለም» አልኳት።

«አቧራው ነው» አለችኝ፤ ለእኔም።

ሲቲ ስካኑ የሚነሳበት ምርመራ ቤት ከሆስፒታሉ ውጭ፣ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማረፊያ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ቦታ ፈልገን ልንቀመጥ ስንል አንድ ሰው ብድግ ብሎ «እንዴ፣ እትዬ! ምን ነካዎት?» አለ። በየሳምንቱ ከእሷ ምስር የሚወስድ ባለሱቅ ነው። ወገቡን ሊነሳ መጥቷል። ወንበሩን ለቆላት፣ እኛ ፊት ለፊት ቆመ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ገበያው ይጠይቃታል፤ እሷም ቢጫ ዓይኗን እንዳያይባት መሬት መሬት እያየች «ጨጓራ ነገር ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ትለዋለች።

እሱ አጠገባችን እንደቆመ ነበር ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ባለሙያ ወረቀት ይዛ የመጣችው። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ጥያቄውን እየሮጠች፣ ጮክ ብላ ነው የምታነበው።

«ማዘር፣ ከዚህ በፊት ኮንትራስት ወስደው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«የመድኃኒት ወይም የምግብ አለርጂ አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ስኳር? ኩላሊት? እንቅርት?»

«የለብኝም፣ የለብኝም።»

«አስም አለብዎት?»

እህቴ ባለሱቁን አላየችውም። እኔንም አላየችኝም። እጇ ግን ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ጣቶቿ ሲጠብቁ ተሰማኝ።

«የለብኝም» አለች፤ እንደ ሌላው ሁሉ በአንድ ድምፅ።

ልጅቷ ምልክት አደረገችና ወረቀቱን ዘረጋችው። «እዚህ ጋ ታካሚ ወይም ቤተሰብ ይፈርማል።»

«አንተ ፈርም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ እህቴ።

ወረቀቱን አነበብኩት። ከላይ የተባለው መልስ ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። አስም ከሚለው ቃል ጎን «የለም» የሚለው ላይ ምልክቱ አለ። ባለሱቁን ዘወር በልልኝ ልለው አልቻልኩም፤ ልጅቷን ለብቻሽ ላናግርሽ ብላት እህቴ ሁሉንም ትረዳለች። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችውን ነገር እኔ እዚያ ሰው መሐል ላፈርሰው ነው? ደግሞስ አስም ከሆድ ፎቶ ጋር ምን አገናኘው አልኩ በልቤ። ፈረምኩ።

የጆሮ ወርቋን አውልቃ ሰጠችኝ፤ ቦርሳዋንም። በሩ ላይ ደርሳ ዘወር አለችና «ብዙ አይቆይም ብላለች» አለችኝ። ገባች። በሩ ተዘጋ።

ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው። በጨርቁ በኩል የመድኃኒቱ ቅርጽ ለእጄ ይሰማኛል። መንገድ ላይ ያፏጭ የነበረው ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ «በትክክል መልሱ» ያለው ትዝ አለኝ። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ተነስቼ ወደ መመዝገቢያው መስኮት ሄድኩ።

«እህቴ ውስጥ ናት፤ አንድ ነገር ልናገር ነበር» አልኩ።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ስልክ ይዛለች። «ተራ አለ ወንድሜ» አለችኝ ቀና ሳትል።

ከፊቴ ሦስት ሰዎች አሉ። ተራ ያዝኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን የሆነው ይኸው ነው። በሩን መደብደብ እችል ነበር፤ መጮህም እችል ነበር። የሰው ተራ ላለመንካት፣ እህቴን ላለማሳፈር፣ የተማሩ ሰዎች ፊት እንደ ሞኝ ላለመታየት ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። ከግድግዳው ጀርባ አንድ የተቀዳ ድምፅ «ትንፋሽ ይያዙ» ይላል፤ ቆይቶ «ይተንፍሱ» ይላል። ፊቴ አንድ ሰው ሲቀር የውስጡ በር ተበርግዶ ልጅቷ እየሮጠች ወጣች።

«ዶክተር! ዶክተር ጥሩልኝ!»

አንድ ወንድ ነርስ ሳጥን ይዞ በአጠገቤ አለፈ። ተከትዬው ልገባ ስል ሌላ ሰው ደረቴን ይዞ መለሰኝ። በሩ እስኪዘጋ ባለችው ጊዜ አየኋት። አልጋው ላይ ቀና አድርገው ይዘዋታል። ከንፈሯ አብጦ የሌላ ሰው ከንፈር መስሏል። አንገቷና ደረቷ ላይ ቀይ እብጠት ተነስቷል። አፏ ተከፍቷል፤ አየር ግን አይገባም። ዓይኗ በሩን ይፈልግ ነበር። ያየችኝ ይመስለኛል።

በሩ ተዘጋ። ወዲያው ተመልሶ ተከፈተና የምርመራ ቤቱ ዶክተር ብቅ አለ።

«የሴትየዋ ቤተሰብ ማነው? አስም አለባት እንዴ?»

«አለባት!» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ። «አስም አለባት፣ ከድሮ ጀምሮ አለባት፣ መድኃኒቷ ይኸውና!» ቦርሳውን እንዳለ ሰጠሁት።

ባለሱቁ ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለእኔ የሚሆን ሥራ አልነበረም። መርፌ የያዙት እነሱ ናቸው፤ ኦክስጅኑም በእነሱ እጅ ነው። እኔ የስፌት መኪና ሲበላሽብኝ ሽፋኑን ከፍቼ ጥርሱን እቆጥራለሁ፣ ዘይት እነካካለሁ፣ ቢያንስ እጄ ይሠራል። እዚያ እጄን የማደርግበት አጣሁ። የጆሮ ወርቋን በመዳፌ ጨብጬ ኖሮ፣ መንጠቆው መዳፌን ወግቶ ደም ማውጣቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ዱዓ ልበል ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለት ቃል ሳልሻገር ጠፋኝ። ባለሱቁ መጥቶ ክንዴን ያዘ። «አላህ ይርዳት» አለኝ። አዎ አልኩት።

አድሬናሊን የሚባል መርፌ ጭኗ ላይ ወጓት። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁለት ጊዜ ወጓት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው አስገቡኝ። ፊቷ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ፤ ከንፈሯ አሁንም አብጧል፤ እጇ ግን ይሞቃል። ጎንበስ አልኩላት። ጭንብሉን በጣቷ ትንሽ ከፍ አደረገችው።

«ጮክ ብለህ ነው እንዴ የነገርካቸው?» አለችኝ።

የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ነው። «ማንም አልሰማም» አልኳት።

«ሰምቷል» አለችና ጭንብሉን መለሰችው።

በኋላ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሙቀቱ እንደተባለው መጣ፤ ብረት ብረት የሚለውም መጣ። ከዚያ ሰውነቷ ያሳክካት ጀመር። የለመደችው የበሽታዋ ማሳከክ መስሏት ዝም አለች። አትንቀሳቀሺ ስለተባለች አላከችም። ደረቷ ሲዘጋ ደግሞ «ትንፋሽ ይያዙ» የሚለውን እየጠበቀች ነበር። ለመጣራት ስትሞክር ድምፅ አልወጣላትም። እህቴ እጇን ስታወዛውዝ ልጅቷ በመስታወቱ በኩል አይታ ነው የሮጠችው። ያቺ ልጅ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ አነበበች ብዬ ልቀየማት ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም። ያዳነቻት እሷ ናት።

ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ ይዞኝ ወጣ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

«አስም ስላለባት ብቻ አንከለክላትም ነበር» አለኝ። «ግን ደረቷን ቀድመን እናዳምጥ ነበር። ካፏጨ ሌላ ቀን እንቀጥራት ነበር፤ ወይም በመድኃኒት አዘጋጅተናት፣ አጠገቧ ቆመን እንሰጣት ነበር። ይሄ አለርጂ ግን አስም የሌለበት ሰው ላይም ይነሳል። ብትናገሩም ሊነሳ ይችል ነበር።»

«ብንናገር አይነሳም ነበር?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ይህን መልስ ያን ቀን እንደ ምሕረት ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አላሳረፈኝም።

ተመልሶ ሊነሳ ስለሚችል እስከ ምሽት አስተኝተው ተከታተሏት። ስንወጣ አንድ ካርድ ሰጡን፤ ለኮንትራስት መድኃኒት ከባድ አለርጂ እንዳለባትና በሄደችበት ሕክምና ሁሉ እንድታሳየው ይላል። የሲቲ ስካኑን ሥዕል የጠየቅሁት በማግስቱ ነው። መድኃኒቱ ሳይገባ በፊት የተነሳው ብቻ ነው ያለው አሉኝ። የሚፈለገው ክፍል ሲጀመር ነው የተቋረጠው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ያንን ሥዕል ብርሃን ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። «ዕጢው አለ። ዳሩ ግን አይለይልኝም» አለ። ከዚያ ምርጫችንን ነገረን። አንዱ፣ አለርጂውን የሚያበርድ ክኒን ቀድማ ወስዳ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት ሆስፒታል እንደገና መነሳት ነው። አደጋው ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ሌላው ያለ መርፌ ኤምአርአይ መነሳት ነው፤ ሁሉን ባያሳይም የተወሰነ ነገር ያሳያል። የኤምአርአይ ወረፋው ግን ረጅም ነው።

«ያንን ውሃ ሁለተኛ ገላዬ ውስጥ አላስገባም» አለች እህቴ። «የሞት መልኩን አይቼዋለሁ። ካልጠፋ ነገር በዚያ አልሄድም።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እንዳግባባት ነው የፈለገው። እኔ ግን ምን ብዬ ላግባባት? ይቅር ብላት ዕጢው ጊዜ አይሰጣትም፤ ይሁን ብላት ደግሞ እኔው ዳግም ፈርሜ ላስገባት ነው።

«እንጠብቃለን» አለች እሷ። ጠበቅን።

እየጠበቅን ሳለ ወሬው እህል በረንዳ ደረሰ። ባለሱቁ ክፉ ብሎ ያወራው አይመስለኝም፤ ደንግጦ ለአንድ ሰው ነግሮ ይሆናል። ከእሷ ይገዙ ከነበሩት አንዳንዶቹ ቀሩ። አንዲት ጎረቤት ሰላምታዋን ከሩቅ አደረገችው። ባለሱቁ ራሱ ግን ብርቱካን ይዞ ቤት ድረስ መጣ። ትንሽ ተጫውቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ጎተት አደረገኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ ሰማያዊዋ መድኃኒት ስሟ ማን ነው? ባለቤቴ እንደ እትዬ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እንቢ ትለኛለች» አለኝ። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፍኩለትና ሐኪም ሳያያት እንዳይገዛላት ነገርኩት። ለእህቴ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋን ስነካው ታለቅሳለች።

ልጇ ከኮምቦልቻ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ጠብቃ፣ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ አስሟን እያወቅህ ለምን አልነገርካቸውም?»

ሌላ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሚስቴ እንኳ። እህቴማ አንድም ቀን አላነሳችውም። ለእህቴ ልጅ ስለ ባለሱቁ ነገርኳት፣ ስለ ባቄላ ሻጯ ነገርኳት፣ ስለ ተራው ነገርኳት። እየተናገርኩ ሳለ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ምክንያት መሆኑ ለራሴም ተሰማኝ። እሷም ሰምታኝ ስትጨርስ «እሺ» አለችና ተነስታ ገባች።

የኤምአርአዩ ተራ ሲደርስ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን፤ እንደገና ተቀጠርን። በመጨረሻ ተነሳች። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ከፊቱ አነበብኩት።

«ዕጢው የደም ሥሩን ይዞታል። ቀዶ ጥገና አይሆንም» አለ። ሐሞቷ እንዲወርድ ቱቦ ማስገባት እንደሚቻል፣ ቢጫውና ማሳከኩ እንደሚቀንስላት ነገረን። ለዚያም ከኮንትራስቱ ጥቂት ያስፈልግ ነበር፤ ማሳከኩ ስላስመረራት በዚህኛው እሺ አለች፤ ካርዱን አይተው ሁለት ቀን በክኒን አዘጋጅተዋት፣ በጥንቃቄ ሠሩላት። ያን ቀን ወደ ውስጥ ስትገባ እጄን አልለቅም ስላለች ነርሷ ናት ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈታችው። ምንም ሳይደርስባት ወጣች።

እሷን ታክሲ ውስጥ ካስቀመጥኳት በኋላ እኔ ተመልሼ ሐኪሙን አገኘሁት።

«ዶክተር፣ ያን ዕለት ሥዕሉ ቢገኝ ኖሮ ቀዶ ጥገናው ይደርስላት ነበር?»

መነጽሩን አወለቀ። «ዕጢው ያኔም የደም ሥሩን ነክቶት የነበረ ይመስለኛል። በእርግጠኝነት ግን ልነግርህ አልችልም። ልሸሽህ ብዬ አይደለም፤ የማየው ነገር ስለሌለኝ ነው።»

ቱቦው ከገባላት በኋላ ዓይኗ ነጣ፤ ማሳከኩ ተዋት። ጥቂት ሳምንት እንደገና ምግብ ቀመሰች። ሱቋ ድረስ ይዣት ሄጄ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጆንያዎቹ መሐል ተቀመጠች። ሰማያዊውን መድኃኒት አውጥታ መንገዱ ፊት ለፊት ሳበችው። ማንም ምንም አላለም። ያ ቀን ለእሷ ምን እንደነበር አልጠየቅኋትም።

ከዚያ አገሬ ውሰዱኝ አለች። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ልጇ በአንድ የአገር ሰው መኪና ይዛት ሄደች። እየደወልኩ አገኛት ነበር። ድምፏ በየሳምንቱ እየቀጠነ መጣ። የመጨረሻ ቀን ስናወራ አዲስ አበባ ዝናብ ይጥላል ወይ አለችኝ። ይጥላል አልኳት።

«መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ከግድግዳው የተጠጋውን ጆንያ አንሳልኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ሄጄ አነሳሁት። ሦስቱ ጆንያ ከሥሩ ርሶ ነበር። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ የተበላሸውን ለየሁ። ማታ ደውዬ ልነግራት ስል ልጇ አነሳችና ተኝታለች አለችኝ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ከሱብሒ ሰላት ቀጥሎ ተደወለልኝ። ያገኘሁትን መኪና ያዝኩ። መንገዱ ላይ ፍተሻ በዝቶ በየኬላው እንወርዳለን፣ እንፈተሻለን፣ እንሳፈራለን። ለሾፌሩ ፍጠንልኝ ብዬ ደጋግሜ ነገርኩት፤ እሱም «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ አንተው ታያለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ስደርስ የከሰዓት በኋላው አሱር ሰላት አልፎ ነበር። በሥርዓታችን አስከሬን አያድርም፤ ከቀትሩ የዙሑር ሰላት በኋላ ቀብረዋት ተመልሰዋል።

ልጇ ወደ መቃብሩ ይዛኝ ሄደች። አፈሩ እርጥብ ነው። ጎን ለጎን ቆምን፤ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁላት፤ በዚህኛው ጊዜ ቃሉ አልጠፋኝም። ሦስት ቀን ተቀምጬ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ሥራ ቤቴን ስከፍት፣ መርፌ እየሰበረች ያስቸገረቻትን የስፌት መኪናዋን ይዛ አንዲት ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።